የእማዬ ቤትና የልብስ ሰፊዋ እጆች

መስከረም 28

ለወንድም ጋሼ፣ ባሕር ላይ ላለኸው፤

እኛ ሁላችንም አለን። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷም ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ያስመርራታል እንጂ አልባሰባትም። ሁለት ደብዳቤ ሳልመልስልህ መክረሜን አውቃለሁ፣ ይቅር በለኝ። "ቢሮውን ጅብ በላው እንዴ?" ላልከው፣ አልበላውም። አንድ ጉድ ገጥሞን ነው። ክፉ ጉድ እንዳይመስልህ።

የመምህሩን ድረ ገጽ ታስታውሳለህ? መስማት የተሳናቸውን የሚያስተምሩት፣ እሳቸውም የማይሰሙት፣ ቢሮ ሲመጡ በወረቀት እየጻፍን የምናወራቸው። ተማሪዎቻቸው በምልክት ቋንቋ ትምህርትና ወግ እየቀረጹ የሚያስቀምጡበት ቦታ ፈልገው፣ የሰው ድረ ገጽ በምናስቀምጥበት ሰርቨራችን ላይ አከራየናቸው። ጥቂት ዘመድና ጎረቤት ቢያየው ነው ብለን ነበር።

ባለፈው ወር አንዲት የድሮ ተማሪያቸው፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ አንድ ሙሉ ፊልም በእጇ ተርካ አስገባች። ወንበር፣ ከጀርባዋ ነጭ ግድግዳ፣ እሷና እጆቿ። ሌላ ምንም የለም። ጋሼ፣ ዓለም ግልብጥ ብሎ መጣ! ጠዋት ወደ ምድር ቤት ስወርድ የሰርቨሮቹ ማራገቢያ ገና ከደረጃው አፍ ይሰማል። ከላያችን ያለው የጥርስ ሐኪም "አውሮፕላን ገዛችሁ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። ማሳያው ላይ ዓመቱን ሙሉ ተጋድሞ የኖረው የተመልካች ቁጥር የሚያሳየው መስመር ተነስቶ፣ ወጥቶ፣ ከማሳያው አናት አልፎ ጠፍቷል። የተበላሸ መስሎኝ ሦስቴ አጥፍቼ አበራሁት። የየአገሩ የምልክት ቋንቋ እንደሚለያይ መምህሩ ነግረውኛል። የእሷን ግን ሁሉም ይከተለዋል። እንዴት እንደሆነ እሳቸውም አያውቁም።

መጥተው እንዲያዩት ጠራኋቸው። ምን ያሳያል፣ ብረት ሳጥንና የሚብለጨለጭ መብራት ነው። እሳቸው ግን መዳፋቸውን ሳጥኑ ላይ አሳረፉ፤ ንዝረቱ ተሰማቸው መሰለኝ ፊታቸው ተለዋወጠ። በሌላው እጃቸው "ይሄ ሁሉ ሰው ነው?" ብለው ጻፉልኝ። ራሴን ነቅንቄ አዎ አልኳቸው። እጃቸውን ሳያነሱ ቆሙ፤ እኔም አብሬያቸው ቆምኩ። ቅንጣት ድምፅ የሌለው ቪዲዮ ያን ክፍል እንደዚያ ያስጮኸዋል።

ስለ ኢንተርኔት መስመር ክፍያው የጠየቅኸኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ። ዛሬ እጄ ደክሟል።

እህትህ


ጥቅምት 9

ሚጣዬ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። በኋላ በላክሽው አጭር መልእክት "ለምን ራስህ ከፍተህ አታየውም?" ላልሽው፦ የመርከቧ ኢንተርኔት ጽሑፍ ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የዓለም ቪዲዮ ሁሉ የሚያልፍበትን ገመድ የምንጠግን ሰዎች አንዲት ቪዲዮ ማየት አንችልም። ሳቂ፣ እኛም ስቀን ጨርሰናል።

ትናንት ገመዱን ከባሕሩ ወለል አወጣነው። ጭቃ ለብሶ፣ ስሙን የማላውቀው ነገር ሁሉ ተጣብቆበት፣ አንዳንዱ ገና እየተንቀሳቀሰ። ጎማውን ገፈፍን፣ ብረቱን ገፈፍን፣ መዳቡን ገፈፍን። በመጨረሻ እጄ ላይ የቀረው ከፀጉር የማይወፍር መስታወት ነው። ስንት ዓመት ሠርቼበታለሁ፤ ዛሬም መዳፌ ላይ ሲያርፍ ትንፋሼን እይዛለሁ። የስንቱ ሰው ናፍቆት፣ የስንቱ ጭቅጭቅ በዚያች ክር ያልፋል! አሁን ደግሞ ያንቺ ልብስ ሰፊ።

ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ። እጄ ደክሟል ብለሽ አለፍሽው። አንቺ እጅሽ ደክሞ አያውቅም፤ ስትፈሪ ነው የሚደክምሽ። ለመምህሩ የሰጠነው ውል "ያለ ገደብ" ይላል። ደንበኛ ይስባል ብዬ ያንን የጻፍኩት እኔው ነኝ። እኛ ግን ለኢንተርኔት መስመር ኩባንያው የምንከፍለው እንደ አጠቃቀማችን ነው፤ ያ የምታደንቂው መስመር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ክፍያው አብሮት ይወጣል። ለኩባንያው ያስያዝነው ደግሞ እማዬ የምትኖርበትን ቤት ነው። ሁለታችንም ፈርመናል፤ እሷም ምኑንም ሳትጠይቅ ካርታውን አውጥታ ሰጠችን።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ መልሺልኝ። ቤቱ ደህና ነው?

ወንድምሽ


ጥቅምት 22

ጋሼ፣

ቤቱ ደህና አይደለም።

ሰላምታው ውስጥ እንዳልሸሸግ ነው ይህን ያስቀደምኩት። አሁን ሰላምታዬን ተቀበልና ቀጥል።

መጀመሪያ ያደረግሁት አንተም የምታደርገውን ነው፤ ክፍያው እንዲቀንስ የምስሉን ጥራት አወረድኩት። ወዲያው ተመልካቾቹ ቅሬታቸውን በቪዲዮ ይልኩልን ጀመር። መምህሩ ተርጉመው ጻፉልኝ፦ "ጣቶቿ ተጣብቀዋል። ምን እንዳለች አልገባንም።" እኔና አንተ ምስሉ ቢበላሽብን ድምፁን እንሰማለን። ለእነሱ ጣት ሲደበዝዝ ቃሉ ራሱ ጠፋ ማለት ነው። አፍሬ በዚያው ቀን መለስኩት።

ከዚያ የፊልም ኩባንያው ማስጠንቀቂያ መጣ። "ፊልማችን ያለ ፈቃድ ተቀድቶ በእናንተ ሰርቨር ላይ ተቀምጧል፤ በአስቸኳይ አውርዱ" ይላል። ይዤው ወደ ጠበቃችን ሄድኩ። ቆይ ቆይን ታውቃቸዋለህ፣ ቆይ ሳይሉ ሰላም አይሉም።

"ቆይ፣ ቆይ። ቪዲዮውን እንዳታዪው" አሉኝ።

"ሳላየው እንዴት እመልሳለሁ?"

"ቆይ እንጂ! አንቺ ዕቃ አስቀማጭ ነሽ። ሻንጣው ውስጥ ምን እንዳለ አታውቂም። ሕጉ የሚከልልሽ ስለማታውቂ ነው። ማስጠንቀቂያ ሲደርስሽ ታወርጃለሽ፣ ማንም አይነካሽም። ከፍተሽ አይተሽ 'ይሄ የእናንተ አይደለም' ካልሽ ግን ፈረድሽ። የፈረደ ደግሞ አብሮ ይከሰሳል።"

ምክራቸው ወርቅ ነበር። ጋሼ፣ አየሁት። የኩባንያውን ፊልምም ገዝቼ ሁለቱንም አየኋቸው። ከዚያ ቁጭ ብዬ ለኩባንያው "ሁለቱንም አይቻለሁ፤ የእሷ የእናንተ አይደለም፤ አላወርድም" ብዬ ጻፍኩ። ማታለል አልሆንልኝ አለ። ቆይ ቆይ ይህን ሲሰሙ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ መሰለኝ፣ ቆይ ሳይሉ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ።

ቁርጡን ልንገርህ፦ የፊልም ኩባንያው ሊከሰን ነው። ቪዲዮው ከወረደ ክሱም ይቀራል፣ ክፍያውም ይወርዳል፣ ቤቱም ይተርፋል። እንዲቆይ ከተፈለገ የመስመር ኩባንያው አዲስ ውል ይጠይቃል፤ እስከ የካቲት መግቢያ ሂሳቡ ካልተዘጋ ቤቱን ይረከባል። ውሉ ሁለት ፊርማ ይፈልጋል። የእኔ አለ።

እማዬ ምንም አታውቅም።


ህዳር 3

አውርጂው።

ሰላምታውን ንዴቴ ሲበርድ ከታች ታገኚዋለሽ። አንቺ ልጅ ጤና የለሽም እንዴ? ጠበቃ ከፍለሽ ቀጥረሽ፣ "አትዪ" ብሎሽ፣ አይተሽ፣ ደግሞ "አይቻለሁ" ብለሽ ፈርመሽ ትልኪያለሽ? ሌባ እንኳ ሲወጣ ዱካውን ያጠፋል! መምህሩን አከብራለሁ። ልብስ ሰፊዋንም እጇ ይባረክ እላለሁ። ግን እማዬን በዚህ ዕድሜዋ ዕቃዋን አሸክሜ ከቤቷ ላስወጣት? ለአንድ ቪዲዮ?

እሺ፣ ትንሽ በረደልኝ። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ ነፋስ ይዞን ሥራ ቆሟል። የፈታነውን ገመድ ጫፍ አሽገን ወደ ወለሉ መልሰን ባሕሩ እስኪሰክን እንጠብቃለን። ሳህን ጠረጴዛ ላይ አይቆምም፤ በእጃችን ይዘን ነው የምንበላው።

"አታምነኝም ወይ?" ብለሽ ከደብዳቤሽ በኋላ በላክሻት አጭር መልእክት ጠይቀሽኛል። ምኑን ልመን? ያላየሁትን? ያንቺን ዓይን ብዬ የእናቴን ቤት ልስጥ? እንግዲያው ያየሽውን ጻፊልኝ። ሁሉንም አይደለም፣ አንዱን ቦታ። ካልታየኝ አልፈርምም፤ ነገሩም በዚሁ ያበቃል።

ወንድምሽ


ህዳር 15

ጋሼ፣

ስድብህን ሁሉ ተቀብያለሁ፤ የሌባው ግን አሳቀኝ።

ፊልሙ የጎርፍ ነው። ውሃው ሰፈሩን ውጦታል። እናት አንድ ጣሪያ ላይ፣ ትንሽ ልጇ ማዶ ሌላ ጣሪያ ላይ ቀርተዋል። ልጁ የቆመበት ጣሪያ በአንድ ጎኑ ተሰንጥቋል፤ ከእናትየው በቀር ማንም አላየውም። ፊልሙ ላይ "አትርገጠው! አትርገጠው!" እያለች ትጮኻለች። ሙዚቃው፣ ውሃው፣ ነጎድጓዱ። ልጁ አይሰማትም። ይረግጠዋል፤ ውሃው ይዞት ይሄዳል። እዚያ ላይ አለቀስኩ፣ ጥሩ ፊልም ነው፣ ሥራቸውን አልነቅፍም።

አሁን እሷን እይ። የግራ መዳፏን ትዘረጋለች፦ ጣሪያ። ሁለት ጣት ታቆምበታለች፦ ልጁ። እነዚያ ሁለት ጣቶች ይበርዳቸዋል፣ ጋሼ! ጣት ሲበርደው አይተህ ታውቃለህ? ከዚያ ክንዷ ከታች ቀስ እያለ ይነሳል፣ ያው ክንድ ነው፣ ግን ውሃ ነው፣ ወንበሬን ወደ ኋላ ገፋሁት። ትከሻዋን ትንሽ ወደ ግራ ስታዞር እናቲቱ ናት፤ ወደ ቀኝ ስታዞር ልጁ ነው። በአንድ ፊት ላይ ሁለት ሰው ይተያያል። እኔ አንድም ምልክት አላውቅም፣ ማን ማን እንደሆነ ግን አንዴም አልጠፋኝም።

እናቲቱ አፏን ከፍታ ትጮኻለች። ከዚያ ትተወዋለች። አፏን ገጥማ እጆቿን ከራሷ በላይ ከፍ ታደርጋለች፣ በጣም ከፍ፣ ከምስሉ ጠርዝ ሊወጡ እስኪሉ። ተኛ። አትንቀሳቀስ። ጠብቀኝ። ትከሻዋን ወደ ቀኝ ታዞራለች። ልጁ አየ። ሁለቱ ጣቶች እጥፍ ብለው መዳፏ ላይ በደረታቸው ተኙ።

ልጁ ይተርፋል፣ ጋሼ። በእሷ ታሪክ ያ ጫጫታ ሁሉ ምንም አያመጣም። መምህሩን "ይህንን ለምን ለወጠችው?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አልለወጠችውም" ብለው ጻፉልኝ። "እናት የማይሆን ነገር ስታደርግ አይታ አረመችው።"

ከዚህ ወዲያ ማለት የምችለው የለኝም። አውርጂ የምትለኝ ከሆነ አወርዳለሁ፤ ቂም አልይዝብህም።

እህትህ


ታህሳስ 1

ሚጣዬ፣

ምን ነካህ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፤ ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። የሆነውን ልንገርሽ።

ነፋሱ ጋብ ሲል ገመዱን እንደገና ማንሳት ጀመርን። ነፋስ ጋብ አለ ማለት እዚህ ጸጥ አለ ማለት አይደለም፤ ጆሮሽ ላይ ጮኸው ቢያወሩሽ አትሰሚም። ሞተረኛችን፣ ዕድሜ ልኩን ከሞተር ጋር ኖሮ ጆሮውን የጨረሰ ሽማግሌ፣ መቆም በሌለበት በኩል ቆሟል። የሚጎትተው ሽቦ ተወጥሮ ክሮቹ አንድ በአንድ ሲበጠሱ አየሁ። ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮኽኩ። ምንም። ከዚያ ሳላስበው ሁለት እጄን ከራሴ በላይ አነሳሁ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ቀና ብሎ አየኝ። ተኛ አልኩት። ተኛ። ሽቦው ተበጥሶ በላዩ ላይ አለፈ፤ ከኋላው ያለውን የብረት አጥር እንደ ክር ቆረጠው።

ተነስቶ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። እዚህ መርከብ ላይ ሁላችንም በነፋስ ጊዜ በእጅ ነው የምንነጋገረው፦ አንሳ፣ አውርድ፣ ቁም፣ ሽሽ። ለካ ዘመኔን ሁሉ የልብስ ሰፊዋን ቋንቋ ጥቂት ቃላት ስናገር ኖሬአለሁ፤ ቋንቋ ብዬው አላውቅም እንጂ። ደብዳቤሽን አውጥቼ እንዲያነበው ሰጠሁት። አንብቦ ሲጨርስ ጎርፉን፣ ጣሪያውን፣ ልጁን በዚያ ወፍራም ጣቱ ለመሥራት ሞከረ። አልቻለበትም። ግን ሁላችንም ሥራ አቁመን እያየነው ነበር።

ውሉን ፈርሜዋለሁ። ስንቅ በምታመላልሰው ጀልባ ተልኳል። አንድ ነገር ግን አለ፦ ወረቀቱን ለመስመር ኩባንያው ከመስጠትሽ በፊት ለእማዬ ንገሪያት። ቤቱ የእሷ ነው። አይሆንም ካለች ቀዳደሽ ጣይው።

ወንድምሽ


የካቲት 20

ጋሼ፣

ወደብ ልትገቡ መሆኑን ስለነገርከኝ ይህን በወረቀት እልክልሃለሁ። ከዚያ ወዲህ የላክሁልህ ሁሉ "ደህና ነን" ብቻ ስለነበር ሳትናደድ አትቀርም። እስኪያልቅ መጻፍ አቃተኝ።

እማዬን እንዴት እንደነገርኳት ጠይቀኸኝ ነበር። ቪዲዮውን ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ከፈትኩላት። ሳህን እያጠበች ነበር፤ እጇን ሳታደርቅ ተቀመጠች። ጣሪያው ላይ ስትደርስ ብድግ አለች። ሲያልቅ ሁሉንም ዘረዘርኩላት።

"ይህቺን ልጅ ነው አውርጂ የሚሉሽ?"

"አዎ።"

"ቤቱንስ?"

"ሊወስዱት ይችላሉ።"

ቀጥላ "ወንድምሽ ፈርሟል?" አለችኝ።

"እማዬ ከተስማማች ብሎ ፈርሟል።"

"ታዲያ እኔን ምን ታስቆሚኛለሽ? ሂጂ ስጫቸው" ብላ ወደ ሳህኗ ተመለሰች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር፣ ፊቷን አላየሁም።

ፍርድ ቤቱ ያለፈው ሳምንት ነበር። ዳኛዋ ቪዲዮውን በሸራ ላይ አስከፈቱት፤ አስተርጓሚው ቆሞ እጇ የሚለውን በድምፅ ይናገራል። እናቲቱ እጇን የምታነሳበት ላይ ሲደርስ አስተርጓሚው ዝም አለ። "ምን አለች?" ሲሉት "ይቅርታ፣ እያየሁ ነበር" አለ። የኩባንያው ጠበቃ እንኳ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ነበር። ዳኛዋ ያንን ቦታ እንዲደገም አዘዙ። ለፍርዱ ይሁን ለራሳቸው አላወቅንም፤ ማንም አልጠየቀም።

የራሷ ሥራ ነው ተብሎ ተፈረደ። አቤት የዚያን ሰዓት! ልብስ ሰፊዋ መምህሩን አየች፣ መምህሩ አዳራሹን አዩ፣ ወዲያው ኋላ የተቀመጡት ተመልካቾች ሁሉ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው መዳፋቸውን አወዛወዙ። ጭብጨባቸው እንደዚያ ነው። አንድ አዳራሽ ሙሉ እጅ፣ ድምፅ የለም። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ገና ደስ እንዳይልሽ" አሉኝ ቆይ ቆይ። ልክ ነበሩ። የመስመር ኩባንያው ፊልሙ የማን እንደሆነ ግድ የለውም፤ ያለፈውን ይቆጥራል፣ ያስከፍላል። ቀነ ገደቡ አልፎ ነበር። በሕግ አሸነፍን፣ በሂሳብ ተሸነፍን። ከፍርዱ ወዲህ በሌሎች ከተሞች ያሉ እንደኛ ያሉ ትንንሽ ቢሮዎች ቪዲዮውን እየተካፈሉ ይዘውልናል፤ ሸክሙ በአንድ ትከሻ አይደለም፣ ድረ ገጹም አይዘጋም። ቀደም ብለሽ ብትለምኚያቸውስ አትበለኝ። ራሴን ብያለሁ።

ቤቱን ማክሰኞ አስረከብን። እማዬ "እሰይ፣ ከዚያ ሁሉ ደረጃ ተገላገልኩ" ብላ የዕቃ መኪናውን ሹፌር ሳይቀር አሳቀችው። ስቃ ስቃ ስትጨርስ መኪናው ውስጥ አለቀሰች። እኔም እጇን ከመያዝ ሌላ ያደረግሁላት የለም። አሁን ተከራይተን ገብተናል፤ ሁለት ክፍል ነው፣ ምድር ላይ።

እታች አንድ ጥያቄ ጽፌ ሰርዤዋለሁ። ልታነበው ከቻልክ መልስልኝ።

እህትህ


መጋቢት 6

ሚጣዬ፣

የሰረዝሽውን መስኮት ላይ ለጥፌ በብርሃን አነበብኩት። መልሴን አልሸፋፍንልሽም፦ ይቆጨኛል። የተኛሁበት ክፍል፣ እማዬ ከታች ስትጠራኝ ድምፅዋ የሚመጣበት ደረጃ ትዝ ይለኛል። እንደገና ፈርም ብትይኝ ደግሞ እፈርማለሁ። ሁለቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

ወደብ እንደገባን ከሞተረኛው ጋር ኢንተርኔት ቤት ፈልገን ገባን። አንድ ወንበር ላይ ሁለታችን ተቀምጠን አየነው። አንቺ ስትጽፊልኝ ሁሉንም የነገርሽኝ መስሎኝ ነበር። ምንም አልነገርሽኝም፣ ሚጣዬ። የሚነገር አይደለም። ውሃው ሲነሳ ሞተረኛው ክንዴን ያዘኝ። እጆቿ ከፍ ሲሉ በዚያ ጠባብ ቤት ውስጥ ሌላ ጨዋታ የሚጫወቱት ሁሉ ከኋላችን መጥተው ቆመው ነበር፤ መቼ እንደመጡ አላወቅሁም። አንዱ የኢንተርኔት ቤቱን ባለቤት "ድምፁን ጨምርልን" አለው። ባለቤቱም ሊጨምር ተነስቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ተቀመጠ። ያንን ሁሉ ዓመት የቀጠልኩት ክር ምን እንደሚያሳልፍ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለእማዬ በዚህች እጄ ፈርሜ ቤቷን የሰጠሁት ለዚህ መሆኑን ንገሪያት። አይ፣ ቆይ፣ እኔው እነግራታለሁ።

መርከቧ ለእድሳት ትቆማለች፤ ፈቃድ ሰጥተውናል። ሻንጣዬን ለመላክ አድራሻ ሙላ ሲሉኝ እጄ ሳላስበው የድሮውን ቤት ጻፈ። ሰረዝኩትና ቆምኩ። ሠራተኛዋ ትጠብቀኛለች፣ ከኋላዬ ሰልፍ አለ። ደብዳቤሽን አውጥቼ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ያን ሁሉ ገጽ ጽፈሽ አድራሻ የለውም።

የት ነው የምመጣው?

ወንድምሽ